አንገትዎን ከማሳሸትዎ በፊት የኮምፒውተርዎን ከፍታ ይለኩ



ሶላት ጨርሰው ሲያሰላምቱ አንገትዎ ወደ አንዱ ጎን እንደ ልብ እየዞረ ወደ ሌላው ሲሆን ግን ጨምድዶ ይይዝዎታል? ከሱጁድ ሲነሱ ከማጅራትዎ እስከ ትከሻዎ ድረስ የሚወጠር ነገር ይሰማዎታል? ቀኑን ሙሉ ከባድ ነገር ሳይሸከሙ ውለው ማታ ማታ ትከሻዎ እንደ ድንጋይ ይከብድዎታል? እንግዲያውስ አንድ ጥያቄ እናስከትል። በቀን ስንት ሰዓት ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣሉ?

ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ ሕመም ሲገጥመን «ብርድ መታኝ»፣ «ትራሱ አልተመቸኝም» እንላለን። ቅባት እንቀባለን፣ ማስታገሻ እንውጣለን፤ ሲብስብን ደግሞ ወጌሻ ዘንድ ሄደን እንታሻለን። ለጊዜው ቀለል ይለናል። በማግስቱ ግን እዚያው ወንበር ላይ ተመልሰን፣ እዚያው ስክሪን ላይ አቀርቅረን እንውላለን። ሕመሙም ተመልሶ ይመጣል።

በዚህ አምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ወደ ሆዳችን ስለምናስገባው ነገር ነው። ዛሬ ግን ዓይናችንን ተክለን ስለምንውልበት የኮምፒውተር ስክሪን፣ በተለይም ስክሪኑ ስለሚቆምበት ነገር እናያለን። የሱቁን ሂሳብ በኮምፒውተር የሚሠራ ነጋዴ፣ የመመረቂያ ጽሑፏን የምታዘጋጅ ተማሪ፣ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ወጣት ሁሉ ጉዳዩ ይመለከታቸዋል። መልካሙ ዜና መፍትሔው ብዙ ጊዜ ውድ አለመሆኑ ነው። አንዳንዴም አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

አንገታችን ምን ይሸከማል?

የአንድ አዋቂ ሰው ጭንቅላት ከ4 ተኩል እስከ 5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ቀጥ ብለን ስንቀመጥ ይህ ክብደት በአከርካሪያችን ላይ ስለሚያርፍ የአንገት ጡንቻዎች ብዙ አይደክሙም። ወደ ፊት ስናቀረቅር ግን ጭንቅላታችን እንዳይወድቅ ከኋላ ያሉት ጡንቻዎች እንደ ገመድ ተወጥረው ይይዙታል። አንድ ባልዲ ውኃ ደረት ላይ አስጠግቶ መያዝና እጅን ዘርግቶ መያዝ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ክብደቱ አንድ ነው፤ ድካሙ ግን አንድ አይደለም።

ኬኔት ሃንስራጅ የተባሉ አሜሪካዊ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ስሌት መሠረት ጭንቅላት በ15 ዲግሪ ሲያዘነብል አንገት ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ 12 ኪሎ፣ በ30 ዲግሪ ወደ 18 ኪሎ፣ በ60 ዲግሪ ደግሞ ወደ 27 ኪሎ ይደርሳል። ይህ በኮምፒውተር የተሠራ ስሌት እንጂ በሰው ላይ የተለካ ባለመሆኑ ቁጥሮቹን እንደ ግምት መውሰድ ይገባል። የሚያመለክተው ነገር ግን ግልጽ ነው፤ ባቀረቀርን መጠን ጫናው ይጨምራል።

ይህ ሲባል ማጎንበስ ራሱ በሽታ ነው ማለት አይደለም። አንገት የተፈጠረው እንዲታጠፍና እንዲዞር ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ሳይንቀሳቀሱ በአንድ ዓይነት አቀማመጥ ለረጅም ሰዓት ሲቆዩ ነው። ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ስክሪን ደግሞ ሳይታወቀን ለሰዓታት አቀርቅሮ ያስቀምጠናል።

የድሮዎቹን ኮምፒውተሮች የሚያስታውስ ሰው ሲፒዩው ጠረጴዛው ላይ ተጋድሞ፣ ሞኒተሩ ከላዩ ተጭኖ ይቀመጥ እንደነበር አይዘነጋም። ያ አቀማመጥ ለቦታ ቁጠባ ተብሎ የተደረገ ቢሆንም ስክሪኑን ከፍ ያደርገው ነበር። ሲፒዩው ቆሞ ወደ ጠረጴዛው ሥር ሲገባ ሞኒተሩ ወደ ታች ወረደ፤ አንገታችንም አብሮ ወረደ። ላፕቶፕ ሲመጣ ደግሞ ስክሪኑና ኪቦርዱ አንድ ላይ ስለተጣበቁ ነገሩ ባሰ።

ትክክለኛው ቦታ የቱ ነው?

አራት ነገሮችን ብቻ ያስታውሱ።

አንደኛ፣ ከፍታው። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይንዎ ጋር እኩል ወይም ጥቂት ዝቅ ያለ ይሁን። ያን ጊዜ የስክሪኑን መሐል የሚያዩት ዓይንዎን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያህል ዝቅ አድርገው ይሆናል። የሚወርደው ዓይንዎ እንጂ አንገትዎ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ርቀቱ። ስክሪኑ ከዓይንዎ ከ50 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ወንበርዎ ላይ ተደግፈው ክንድዎን ሲዘረጉ የጣትዎ ጫፍ ስክሪኑን የሚነካ ከሆነ ለብዙ ሰው ይበቃል። ጽሑፉ ካልታየዎት ወደ ስክሪኑ ከመሳብ ይልቅ ፊደሉን ያተልቁ።

ሦስተኛ፣ አቅጣጫው። ስክሪኑ ፊት ለፊትዎ ይሁን። ወደ ጎን ዞሮ የተቀመጠ ስክሪን ቀኑን ሙሉ አንገትን አጣሞ ያውላል። መስኮቱም ከፊትዎ ወይም ከኋላዎ ከሚሆን በጎንዎ ቢሆን ብርሃኑ አይወጋዎትም።

አራተኛ፣ ዝንባሌው። የስክሪኑ የላይኛው ክፍል ጥቂት ወደ ኋላ ጋደል ቢል ጥሩ ነው። የመብራት ነጸብራቅ ካመጣ ግን ያስተካክሉት።

«ከፍ ማድረግ ጥሩ ከሆነ በጣም ከፍ ማድረግ ይበልጥ ጥሩ ነው» ብለው እንዳያስቡ። ስክሪኑ ከዓይን በላይ ሲሆን አንገት ወደ ኋላ ይታጠፋል። ዓይንም ሰፋ ብሎ ስለሚከፈት ቶሎ ይደርቃል፣ ይቆጠቁጣል። ቴሌቪዥን እንደ ኮምፒውተር ስክሪን የሚጠቀሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚገጥማቸው ይህ ነው። ከላይ ለሩቅ፣ ከታች ለቅርብ የሆነ ባለ ሁለት ዕይታ መነጽር የሚያደርጉ ሰዎች ደግሞ ስክሪናቸውን ከሌላው ሰው ዝቅ ማድረግ ይኖርባቸዋል። አለበለዚያ በታችኛው መስታወት ለማንበብ ሲሉ አገጫቸውን ቀና አድርገው ይውላሉ።

ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ

ገበያ ከመውጣትዎ በፊት አንድ ሜትር፣ እርሳስና የሚረዳዎት ሰው ያስፈልጉዎታል። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

በቅድሚያ ወንበሩን ያስተካክሉ። እግርዎ መሬት ይርገጥ፣ ጀርባዎ ይደገፍ፣ ክርንዎ ከኪቦርዱ ጋር ተቀራራቢ ከፍታ ላይ ይሁን። ወንበሩ ሳይስተካከል ስክሪኑን መለካት ዋጋ የለውም።

ከዚያ ሁልጊዜ እንደሚቀመጡት ተቀምጠው ፊት ለፊት ይመልከቱ። የሚረዳዎት ሰው ከጠረጴዛው ገጽ እስከ ዓይንዎ ያለውን ከፍታ ይለካ። ቀጥሎም ከጠረጴዛው ገጽ እስከ ስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ያለውን ይለካ። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ቀንሱት። የቀረው ስክሪኑ ከፍ ሊልበት የሚችለው መጠን ነው።

በምሳሌ እንየው። ዓይንዎ ከጠረጴዛው በላይ 46 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው እንበል። የሞኒተርዎ ጠርዝ ደግሞ 38 ላይ ነው። ልዩነቱ 8 ይሆናል። ጠርዙ ከዓይን ጥቂት ዝቅ ማለት ስላለበት 2 ወይም 3 ሲቀነስ የሚያስፈልግዎት 5 ወይም 6 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ባለ 500 ቅጠል አንድ ደስታ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረቱ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። እንግዲህ ለዚህ ሰው መፍትሔው አንድ ደስታ ወረቀት ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ምንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት ለአንድ ሳምንት በወረቀት ይሞክሩት። ከተመቸዎት ልኩን አገኙ። ካልተመቸዎት ይጨምሩ ወይም ይቀንሱ። ከሥሩ የሚያደርጉት ነገር ግን የማያስፈልግ ወረቀት እንጂ ኪታብ እንዳይሆን ይጠንቀቁ።

ለማን የትኛው ይስማማል?

ሀ. የሞኒተሩ የራሱ እግር። አንዳንድ ሞኒተሮች እግራቸው ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል። ባለቤቱ ይህን ሳያውቅ ለዓመታት ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ሞኒተሩን በሁለት እጅዎ ይዘው ቀስ ብለው ወደ ላይ ሳብ አድርገው ይሞክሩ። ከተንቀሳቀሰ ገንዘብዎ ኪስዎ ውስጥ ይቅር።

ለ. የእንጨት ሣጥን። ኮምፒውተሩን የሚጠቀመው አንድ ሰው ብቻ ከሆነና ከፍታው አንዴ ከታወቀ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ልኩን ይዘው ሠፈርዎ ያለ አናጢ ዘንድ ይሂዱ። ከፊት ክፍት ሆኖ ከተሠራ ሥራ ሲያበቃ ኪቦርዱን ከሥሩ ያስገቡበታል። የሞኒተሩ እግር ሙሉ በሙሉ ላዩ ላይ ማረፍ አለበት። ሲነኩትም መወዛወዝ የለበትም።

ሐ. ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር ክንድ። ይህ ጠረጴዛውን ጠርዙ ላይ ነክሶ ሞኒተሩን አየር ላይ የሚይዝ ብረት ነው። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ይንቀሳቀሳል። ጠረጴዛው ጠባብ ለሆነበትና ብዙ ሰው በየተራ ለሚጠቀምበት ቤት ጠቃሚ ነው። ዋጋው ግን ከሌሎቹ ከፍ ይላል፣ ጥንቃቄም ይፈልጋል።

መ. የግድግዳ ማንጠልጠያ። ቦታው ለማይቀያየርና አንድ ሰው ብቻ ለሚቀመጥበት ይሆናል። አንዴ ከተበሳ በኋላ መቀየር አስቸጋሪ ስለሆነ ከፍታውን በወረቀት ሳይሞክሩ አይብሱ። ከግድግዳው እስከ ዓይንዎ ያለው ርቀትም ከ100 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ያረጋግጡ።

ሠ. የላፕቶፕ ማቆሚያ። ላፕቶፕን ከፍ ማድረግ ብቻውን ሌላ ችግር ያመጣል። ስክሪኑ ለአንገት ሲመች ኪቦርዱ ከእጅ በላይ ይሆንና ትከሻ ይደክማል። ስለዚህ ማቆሚያ ሲገዙ ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድና ማውስ አብረው ይግዙ። ለሦስቱም የሚሆን ገንዘብ ካልሞላ ኪቦርዱንና ማውሱን ያስቀድሙ። ማቆሚያውን በሣጥን መተካት ይቻላል፤ ኪቦርዱን ግን የሚተካው የለም።

ክንድ ወይም የግድግዳ ማንጠልጠያ ሲገዙ

ከጅዳ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣላችሁ?» ሲል ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ዕቃ ያዝዛል። ዕቃው ከመጣ በኋላ አልገጥም ቢል መመለሻ የለውም። በመሆኑም ከማዘዝዎ በፊት የሚከተሉትን ያረጋግጡ።

የሞኒተሩን ጀርባ ይመልከቱ። በካሬ ቅርጽ የተደረደሩ አራት የብሎን ቀዳዳዎች አሉት? በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት በአብዛኞቹ ሞኒተሮች 75 በ75 ወይም 100 በ100 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ቬሳ የሚባለው የጋራ መለኪያ ሲሆን ክንዱ የሚታሰረው በነዚህ ቀዳዳዎች ነው። ቀዳዳ የሌለው ሞኒተር ከሆነ ክንዱን ትተው ሣጥን ያሠሩ።

ክብደቱን ይወቁ። እግሩ የተፈታ ባለ 24 ኢንች ሞኒተር ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። ክንዱ የሚችለው ክብደት ካርቶኑ ላይ ይጻፋል። በጋዝ የሚሠሩ ክንዶች ከላይም ከታችም ገደብ አላቸው። ሞኒተሩ ከገደቡ በላይ ሲከብድ ይወርዳል፤ ከታችኛው ገደብ ሲያንስ ደግሞ ክንዱ ራሱ ወደ ላይ ይነሣል።

ጠረጴዛውን ይመርምሩ። ጠርዙ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚወፍር ለክተው ክንዱ ሊነክሰው ከሚችለው ልክ ጋር ያስተያዩ። መስታወት ጠረጴዛ ላይ ፈጽሞ አይሰሩት። ቺፑድ ከሆነ ብረቱ እንዳይሰረጉድበት ከላይና ከታች ጠንካራ የጣውላ ቁራጭ ያድርጉ። ጠረጴዛው ግድግዳ የተጠጋ ከሆነ የክንዱ መታጠፊያ ወደ ኋላ ቦታ እንደሚፈልግ አይርሱ።

ግድግዳውን ይወቁ። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ተራ ፊሸር ሊነቀል ይችላል፤ ለክፍት ብሎኬት የሚሆን ፊሸርና ልምድ ያለው ባለሙያ ያስፈልጋል። በጭቃ ግድግዳና በቺፑድ በተከፈለ ክፍል ላይ ሞኒተር ማንጠልጠል አይመከርም። በትራፓኖ ከመብሳትዎ በፊትም የመብራት መስመር በዚያ አለማለፉን ያረጋግጡ።

ሕፃናት ያሉበት ቤት ሽቦዎቹን ከክንዱ ጋር ያስሩ። ሕፃን ልጅ የሚንጠለጠል ሽቦ ሲያይ መጎተቱ አይቀርም። ሞኒተሩን ከጋዝ ክንድ ላይ በሚያወርዱበት ጊዜ ደግሞ ክንዱን መጀመሪያ ወደ ላይ ጫፉ ያድርሱት። ዝቅ ብሎ ሳለ ሞኒተሩን ከፈቱት ክንዱ በኃይል ተስፈንጥሮ ፊት ሊመታ ይችላል።

አንድ ኮምፒውተር ለመላው ቤተሰብ

በብዙ ቤት ያለው ኮምፒውተር አንድ ነው። ቀን ልጆች ያጠኑበታል፣ ማታ አባት ሂሳብ ይሠራበታል። ለአባት ልክ የሆነው ከፍታ የአሥር ዓመቷን ልጅ አንጋጥጣ እንድታይ ያደርጋታል። በዚህ ጊዜ ቀላሉ መንገድ ልጅቷን ከፍ ማድረግ ነው። ወንበሩ ላይ ጠንከር ያለ ትራስ፣ ከእግሯ ሥር ደግሞ ዱካ ወይም ሣጥን ይደረግላት። እግር እየተንጠለጠለ ማጥናት ወገብ ያደክማል። ወይም ስክሪኑን ለልጆቹ በሚመች ዝቅተኛ ቦታ አስቀምጦ አባት ሲመጣ የሚያነሣበት ሣጥን ማዘጋጀት ይቻላል።

ከደረሰኝ ወይም ከመዝገብ ላይ እያዩ የሚጽፉ ሰዎችም ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አጋድመው አይተዉት። ስክሪኑ አጠገብ ቀና ብሎ እንዲቆም ያድርጉት። አለበለዚያ ስክሪኑ ቢስተካከልም አንገት ወደ ወረቀቱ ሺህ ጊዜ ይወርዳል።

ማቆሚያ ብቻውን አይበቃም

እጅግ የተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ እንኳ አራት ሰዓት ሳይነሡ መቀመጥ ይጎዳል። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥተው ጥቂት ይራመዱ፣ ትከሻዎን ያንቀሳቅሱ። ስክሪን ስናይ ዓይናችንን የምናርገበግብበት ጊዜ ስለሚቀንስ ዓይን ይደርቃል። በየ20 ደቂቃው ቢያንስ 6 ሜትር የሚርቅ ነገር ለ20 ሰከንድ ይመልከቱ። ዙህርና ዐስር ሲደርስ ለውዱእ መነሣትም ሰውነትን ከወንበር ያላቅቃል፤ «ይህቺን ልጨርስ» እያሉ አያዘግዩት።

ወደ ሐኪም መሄድ ያለብዎ መቼ ነው?

ስክሪኑ ተስተካክሎ፣ ዕረፍቱም ተጠብቆ ሕመሙ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ካልቀነሰ ይመርመሩ። የሚከተሉት ምልክቶች ካሉ ግን ሳይጠብቁ ይሂዱ። እጅ መደንዘዝ ወይም መዛል፣ ቁልፍ መቆለፍ ማቃት፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል፣ ትኩሳትና ራስ ምታት ያለበት የአንገት መገተር፣ ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ የመጣ ሕመም። ደረትን ከሚያጨንቅና ከሚያልብ ስሜት ጋር ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚወርድ ሕመም የልብ ሊሆን ስለሚችል በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

አንገትን በኃይል አጣምሞ «ቀጭ» ማድረግን ደግሞ አይፍቀዱ። አልፎ አልፎ ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር ሊቀደድና ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉትን ማስታገሻዎችም ያለ ሐኪም ምክር ለረጅም ጊዜ አይውሰዱ። በተለይ የጨጓራ፣ የኩላሊት ወይም የደም ግፊት ችግር ያለባቸውን ይጎዳሉ።

ውድ አንባቢያን! ይህን ጽሑፍ አንብበው እንደጨረሱ ገበያ አይሂዱ። ሜትርዎን ይዘው ኮምፒውተርዎ ፊት ይቀመጡና የሚረዳዎትን ሰው ይጥሩ። ይለኩ፣ በወረቀት ይሞክሩ፣ ከዚያ ለራስዎ የሚስማማውን ይምረጡ። ጤና ከአላህ የተሰጠን አማና ነው፤ አንገታችንም የአማናው አንድ ክፍል ነው።